የአልጋ ልብሱ መሃል

ኪሮሽ የማያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ ግድ የለም፤ እኔም ያኔ የማውቅ መስሎኝ ነበር እንጂ ብዙ አላውቅም። ኪሮሽ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አጭር መርፌ ናት። ክሩን በእሷ እየሳቡ አንዱን ዐይን በሌላው ዐይን ውስጥ ያሳልፋሉ። ከመሃል ተጀምሮ ዙሪያው እየሰፋ ይሄድና መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን ትወጣለች። ካሬ እንላታለን። አንዲት ካሬ መሥራት አይከብድም። ትዕግሥት ያላት ሴት፣ ትዕግሥት ባይኖራት እንኳ የምታማት ጎረቤት ያለቻት ሴት፣ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላ ትጨርሳታለች። ጣጣው የሚመጣው ካሬን ከካሬ ማጋጠም ሲጀመር ነው። ለየብቻ ሲሆኑማ ሁሉም ቆንጆ ናቸው።

እኔ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ቡታጅራ የሄድኩት የእጅ ሥራ መምህርት ተብዬ ነው። ያሠለጠነችን አንዲት ቀጭን ፈረንጅ ነበረች። የካሬ አሠራርን ካስተማረችን በኋላ «በሚቀጥለው ሳምንት ማጋጠም እንማራለን» ብላን ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪው አድማ መታ። ዘመኑ የአድማ ዘመን ነበር። ሌላው ስለ መሬት ሲጮኽ እኛ የእጅ ሥራዎቹ ስለምን እንደሚጮኽ በደንብ ሳንሰማ አብረን ጮኽን። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሲከፈት «እንደ ጨረሳችሁ ተቆጥሯል» ተባልንና ወረቀታችንን ይዘን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተንን። ስለዚህ የዚያ ዓመት የእጅ ሥራ መምህራን ካሬ እንሠራለን፤ ማጋጠም አንችልም። በአገራችን ብዙ ነገር ሳይጋጠም የቀረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ቡታጅራ የተከራየሁት ከእትዬ ዘይነባ ግቢ ነው። እትዬ ዘይነባ የመስቃን ልጅ ናት፤ ባለቤቷ ሐጂ ሸምሱ ከመርካቶ ክርና ጨርቅ እያመጡ ይነግዳሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ያየችውን ሁሉ ያየችበት ቦታ ላይ ቆማ የምትናገር ሴት ነበረች። ይህ ጠባይዋ በኋላ ላይ ጠቅሞኛልም ጎድቶኛልም።

አንድ ቀን ከተማው ውስጥ ወሬ ተነዛ። አንድ ሽማግሌ ደጃዝማች ከአዲስ አበባ መጥተው አዲሱን የቦኖ ውሃ ሊመርቁ ነው ተባለ። ወዲያው እሜቴ ጽጌ የከተማውን ወይዛዝርት ቤታቸው ሰበሰቡ። የእሜቴ ጽጌ ባለቤት በከተማው ትልቅ ሹም ናቸው። ምን ሹም እንደሆኑ አልናገርም፤ ዘመዶቻቸው ብዙ ናቸው፤ ማንበብም ይችላሉ።

«ማርና ሙክት ሁሉም አገር ይሰጣል» አሉ እሜቴ ከሶፋቸው ላይ ሆነው። «እኛ የእጃችንን ሥራ እንስጣቸው። እያንዳንዷ ወይዘሮ በራሷ እጅ ካሬ ካሬ ትሥራ። ከዚያ ይጋጠምና ትልቅ የአልጋ ልብስ ይሁን።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

«ማን ያጋጥመዋል?» አለች የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ።

ጭብጨባው ቆመና ፊቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪዋ፣ ይቻላል?» አሉኝ እሜቴ።

«ይቻላል» አልኩ። ልብ በሉልኝ፤ «እችላለሁ» አላልኩም። ነገሩ የሚቻል መሆኑን ብቻ ነው የመሰከርኩት። ግን በትልልቅ ሰዎች ቤት እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ የለም።

ከዚያ ካሬዎቹ ይመጡ ጀመር። «መዳፍ የምታህል» ተብሎ ነበር የተነገረው፤ የማን መዳፍ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። የእሜቴ ካሬ ነጭ ሆና ሰፌድ አክላ መጣች። እሳቸው ከሌላው ሰው እኩል መሥራት ለባለቤታቸው ሹመት የማይመጥን ሆኖ ነው የታያቸው። ወይዘሮ ብርቄ ይህን ስትሰማ የራሷን መልሳ ተርትራ እንደገና አሰፋቻት፤ ከእሜቴ እንዳትበልጥ ፈራች፣ ከሌላው እንድትበልጥ ደግሞ ፈለገች። የፖሊስ አዛዡ ባለቤት ክሩን እየጎተተች ስለምትሠራ ካሬዎቿ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሟቸው ይቆማሉ፤ ቆርቆሮ በሏቸው። የግብር ሹሙ ሚስት ደግሞ እንዲያ አላልታ ስለምትሠራ በካሬዎቿ ቀዳዳ የኔ አውራ ጣት ወዲያና ወዲህ ያልፋል።

እትዬ ዘይነባ ቀይ በቀይ፣ የመስቃን በርበሬ የመሰሉ ካሬዎች አመጣችልኝ። አገላበጥኳቸውና ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ ሦስት ማዕዘን ናቸው።»

«አራተኛው ላይ ክር አለቀብኝ» አለች።

«ባለቤትሽ ክር ነጋዴ ሆነው?»

«እሱ ክሩን ለሰው ነው የሚሸጠው። ለኔ የሚሰጠኝ ከሰው የተረፈውን ነው። ቀይ ደግሞ ብዙ አይተርፍም።»

ሳቅኩና ተቀበልኳት። ከዚህ በኋላ የሳቅኩት ብዙ አይደለም።

ሥራውን ገና ልጀምር ስል ጎብኚ በጎብኚ ላይ ሆነብኝ። የሚመጡት «እንዴት ነሽ ብዬ ነው» እያሉ ነው፤ እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ እንዴት እንደሆንኩ የጠየቀኝ አልነበረም። መጀመሪያ የእሜቴ አሽከር መጣ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ መሃሉ የእሜቴ ነው። ይህ ደግ ነው፤ መሃል አንድ ነው፣ እሜቴም አንድ ናቸው። ቀጥላ ወይዘሮ ብርቄ መጣችና መሃሉ ካልሆነ ከመሃሉ ጎን እንድትሆን ነገረችኝ።

«ግን ከግብር ሹሙ ሚስት ጋር እንዳታገናኝኝ» አለች። «በወሰን ነገር አለን። ባሏ አጥራችንን ገፍቷል።»

«ዳኛው ሊካሰሱ ነው?»

«እሱ ምን ይካሰሳል፣ ይፈርዳል እንጂ።»

እሷ ወጣች፤ የግብር ሹሙ ሚስት ገባች። እሷም ከዳኛው ቤት ጋር እንዳላገናኛት ለመነችኝ፤ ከፖሊስ አዛዡ ባለቤት ጎን ብትሆን ግን ደስ እንደሚላት፣ ወሰኑ ሲለካ ፖሊስ እንደሚያስፈልግ አጫወተችኝ። የፖሊስ አዛዡ ባለቤት በበኩሏ ከማንም ጎን ብትሆን ግድ የላትም፤ ከእሜቴ ግን ራቅ አድርጊኝ አለች። ለምን ብላት ባሏ እንዳትናገር እንዳስጠነቀቃት ነገረችኝ፤ ያስጠነቀቃት ምን እንዳትናገር እንደሆነ ደግሞ ጊዜ ወስዳ ዘርዝራ ነገረችኝ።

የኤሌክትሪክ ሹሙ ሚስትም ከመሃሉ በሌላው ጎን አስገቢኝ ብላ ስትለምነኝ ዋለች። ያጋጠምኩትን ስተረትር፣ የተረተርኩትን ሳጋጥም ሰነበትኩ። የቡታጅራን የወሰን ክርክር፣ የሹመት ኩርፊያና የድግስ ቅያሜ ሁሉ በዚያ ጨርቅ ላይ ተምሬዋለሁ። እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበረች ቦታ ያልጠየቀችኝ። «የትም ጣይው» አለች። ስለዚህ የእሷን ቀያዮች ከላይ ጫፉ ላይ፣ ማንም የማይፈልገው ቦታ ደርድሬ አጋጠምኳቸው።

ስለ ማጋጠሙ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በተራ መርፌ ሰፋሁት። ሳነሣው እየተላቀቀ እግሬ ሥር ወደቀ። ቀጥዬ በኪሮሹ ሁለቱን ጠርዝ አንድ ላይ ይዤ አጋጠምኩት፤ ይህ ያዘ። ግን ሰፌድ የሚያህለውን ጠርዝ መዳፍ ከሚያህለው ጋር ሳገናኝ ትርፉ የት ይሂድ? እኔ አጠፍ አጠፍ እያደረግኩ በግድ አስገባሁት። እንዳይላቀቅ ደግሞ ክሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። የትልልቆቹ ትርፍ በትንንሾቹ ውስጥ ሲታጨቅ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር።

ጨርሼ አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። አልተኛ አለ። መሃሉ እንደ ተደፋ ቁና ጉብ ብሎ ተነሣ። የላይኛው ጫፍ ደግሞ በእትዬ ዘይነባ ሦስት ማዕዘኖች ተሰብስቦ ጠበበ። መሃሉን በመዳፌ ስጫነው ጎኑ ይነሣል፤ ጎኑን ስጫነው መሃሉ ይነሣል። በመጨረሻ ወጥቼ ተቀመጥኩበት። እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ደብቀሽ ነው የተቀመጥሽበት?»

«ምንም።»

«እስቲ ተነሺ።»

ተነሣሁ። መሃሉም አብሮኝ ተነሣ።

«ወላሂ ከሥሩ ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች ነው የሚመስለው» አለች።

ያቺ ፈረንጅ አንድ ቀን እርጥብ ጨርቅ ወጥሮ ማድረቅ ያቃናል ስትል የሰማሁ መሰለኝ። ውሃ ነከርኩትና የግቢው አጥር ላይ ወጥሬ አሰጣሁት። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ሲደርቅ ጉብታው እንዳለ አለ፤ የእትዬ ዘይነባ ቀይ ግን ቁልቁል ወርዶ የእሜቴን ነጭ ካሬ ሮዝ አድርጎታል። ያኔ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ገና የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም፤ ከሥራ ብባረር ደብረ ብርሃን ምን ብዬ እገባለሁ? እናቴ ልጄ መምህርት ሆናለች እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

እሜቴ በዚያው ሳምንት ሊያዩት መጡ። እትዬ ዘይነባ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደኅና መጡ» ብላ በሩን ከፈተችላቸው። እሜቴ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ።

«የኔ ነጭ ነበረች» አሉ።

«አዲስ አበባ አሁን የሚወደደው እንዲህ ፈገግ ያለው ነው፣ እሜቴ» አልኩ።

አዲስ አበባ የሚወደደውን አላውቅም ማለት ለእሳቸው አይሆንም። «አዎ፣ አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ጉብታውን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይሄስ?»

«እሱ … መሃሉ ከፍ እንዲል ነው።»

ይህን ወደዱት። መሃሉ የእሳቸው ነውና ከፍ ማለቱ አላስከፋቸውም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም አሉ።

«የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው፣ ልጄ?»

«ክረምት ሳይገባ፣ እሜቴ።»

«ደግ። እላይ ደጋው ላይ፣ አረቅጥ የሚባለው ቦታ፣ መምህርት ጎድሎባቸዋል ይላሉ። ብርዱ ግን አይጣል ነው።»

የምረቃው ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ከዘቢዳር ተራራ የሚወርድ ነፋስ ካፊያ ይዞ ከተማውን ይገርፈዋል። ተማሪዎቻችን ባንዲራ ይዘው መንገዱ ዳር ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ደጃዝማቹ ከመኪናቸው ወረዱ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ደረታቸው በኒሻን የተሸፈነ ሽማግሌ ናቸው። ኒሻን ደግሞ አያሞቅም። ገና ሁለተኛው ንግግር ሳያልቅ ከንፈራቸው ጠቁሮ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሦስተኛው ተናጋሪ ስለ ውሃ ጥቅም ከፍጥረት ጀመረ።

በመጨረሻ የእኛ ተራ ሆነ። የአልጋ ልብሱ አልታጠፍ ስላለ ጠቅልለን ነበር የያዝነው። እሜቴ ፊት ሆነው «የከተማው ወይዛዝርት በእጃችን …» ብለው ሲጀምሩ ደጃዝማቹ አላስጨረሷቸውም። ጨርቁን ተቀበሉና ገለጡት። የጠበበውን ጫፍ አዩ፣ ሰፍቶ የተዘረጋውን አዩ። ፊታቸው በራ።

«ካባ ነው» አሉ።

ደጃዝማች ካባ ነው ያሉትን ነገር የአልጋ ልብስ ነው የሚል ሰው ያኔ ቡታጅራ ውስጥ አልነበረም።

«ካባ ነው፣ ጌታዬ» አሉ እሜቴ።

ደጃዝማቹ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ልክክ አለ። የእትዬ ዘይነባ ሦስት ማዕዘኖች አንገታቸውን ዙሪያውን እንደ ልብስ አንገትጌ ያዙት፤ ቀዩ ከኒሻኑ ጎን ሲያበራ የተለካ ይመስላል። የፖሊስ አዛዡ ባለቤት ቆርቆሮዎች ትከሻቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሽማግሌው የጦር አዛዥ መሰሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን ቸኩዬ ነበር፤ ገና ከፊት ለፊት ብቻ ነበር ያየኋቸው።

ደጃዝማቹ ቦኖውን ሊከፍቱ ፊታቸውን አዞሩ፤ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጡ። ጎንበስ አሉ።

እስቲ አስቡት። የአልጋ ልብስ ከአንገት ሲንጠለጠል መሃሉ የት ላይ ያርፋል? የእሜቴ ካሬ፣ ሰፌድ የሚያህለው፣ ሮዙ፣ ጉብ ያለው፣ በትክክል ደጃዝማቹ በሚቀመጡበት ላይ አርፏል። ከግራ ወይዘሮ ብርቄ፣ ከቀኝ ደግሞ በብዙ ልመና ከጎን ያስገባኋት የኤሌክትሪክ ሹሙ ሚስት። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ሳለ፣ ቀጥሎ ደፍረስ ያለ ውሃ ተፋ። ያን ግን ያየ የለም። ሕዝቡ የሚያየው ሌላ ነው። ከኋላ ረድፍ አንዱ ሳቁን ሲውጥ ጉሮሮው ውስጥ ተሰነቀረና ሳል ሆኖ ወጣ። ሳሉ ወደ ጎን ተጋባ። ለአንድ አፍታ መላው ቡታጅራ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር።

እሜቴን አየኋቸው። ፊታቸው እንደ ካሬያቸው ሆኗል።

ደጃዝማቹ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ሲደላደሉ ሞቋቸው ነበር። አንገታቸው ላይ ያለውን ቀይ እየዳሰሱ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እትዬ ዘይነባ ከኋላ ሆና «የኔ ነው ጌታዬ» አለች።

«ይህን አንገት እንዲህ አድርጎ ማጥበብ እንዴት አወቅሽ?»

«ክር አልቆብኝ ነው።»

ደጃዝማቹ ከልባቸው ሳቁ። ጨዋታ ያወቀች ሴት አሉና ከእሜቴ ባለቤት ቀድመው እሷን ጨበጧት። ካባውን እንደለበሱ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ወሬው ወልቂጤ ድረስ ደረሰ ተባለ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። መሃል አድርጊኝ ብለው የለመኑኝ ወይዛዝርት ሁሉ መሃል እንዳልነበሩ ይምሉ ጀመር። ወይዘሮ ብርቄ ካሬዋ አንገት አካባቢ እንደነበረ ለሰው ስትናገር በጆሮዬ ሰማሁ። የግብር ሹሙ ሚስት ጭራሽ ካሬ አልሠራሁም አለች። እኔ ደግሞ ጓዜን መሸከፍ ጀመርኩ።

እሜቴ አስጠሩኝ። ገብቼ እጅ ነሣሁ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎልናል» አሉ። «ደጃዝማቹ ካባውን ወደውታል። ቤተ ዘመድ ሁሉ አይቶ አድንቋል። ለወንድማቸውም አንድ ይሠራላቸው ተብሏል። እንደዚያው።»

«እንደዚያው?»

«እንደዚያው። ግን በዚህኛው እኔ ካሬ አልሰጥም። አንቺው ሥሪው፣ አንቺው አጋጥሚው።»

ነፍሴ መለስ አለች። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ጎብኚ የለም፤ ከእንግዲህ ቦታ የሚለምን የለም። ካሬዎቹን ሁሉ ራሴ ሠራኋቸው። አንዷ ከሌላዋ እንዳትበልጥ እያስተያየሁ፣ የበለጠችውን እየተረተርኩ፣ የእያንዳንዷን ጠርዝ ዐይኖች እኩል አደረግኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ደርድሬ ካየሁ በኋላ መጀመሪያ ረድፍ ረድፉን አጋጠምኩ፤ ረድፎቹ ሲያልቁ ረድፍን ከረድፍ አገናኘሁ። ዐይን ለዐይን፣ ሳልጎትት፣ ሳላላላ። እየሠራሁ በገዛ እጄ ገባኝ። ያ አድማ የበላብኝ ትምህርት ይህ ነበር። ጨርሼ ዘረጋሁት፤ እንደ ረጋ ውሃ ለጥ አለ። ጉብታ የለው፣ ጉድጓድ የለው። ጠርዙን በመዳፌ እየዳበስኩ ብዙ ቆየሁ። እንባ ሁሉ መጣብኝ። ከዚያ በፊት በእጄ እንዲህ የተስተካከለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ይዤው እሜቴ ዘንድ ሄድኩ። ምንጣፋቸው ላይ ዘረጉት። ዞሩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካባው ነው፣ እሜቴ።»

አሽከራቸውን ጠሩና ትከሻው ላይ ጣሉበት። ጨርቁ ያለ ምንም ማንገራገር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንደገና ጣሉበት። እንደገና ወደቀ። የሚይዘው አንገት የለም፣ የሚቆም ትከሻ የለም።

«አንገቱስ? ትከሻውስ?»

«ያኛው እኮ ስሕተት ነበር፣ እሜቴ። በትክክል ሲጋጠም እንዲህ ለጥ ነው የሚለው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ሳይሆን አዘኔታ ነበር ፊታቸው ላይ ያየሁት፤ ከቁጣው የከፋውም እሱ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ማጋጠም የማትችዪ ከሆነ ከመጀመሪያው ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ከወለሉ አነሣሁና አጠፍኩት። አራቱም ማዕዘን ልክ ለልክ ተገናኙ። ብብቴ ሥር አድርጌው ወጣሁ።

አረቅጥ እሜቴ እንዳሉት ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው።